ከወሰን እስከ ሰንዳፋ፦ የከተማ በጀት እንዴት ይባክናል? እናንተስ እንዴት ትከታተሉታላችሁ?

"እኔ ነጋዴ አይደለሁም፣ ግብር አልከፍልም" የሚል ወጣት ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ካርድ ስትሞሉ፣ ጫማ ስትገዙ፣ ካፌ ገብታችሁ ደረሰኝ ሲቆረጥላችሁ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ትከፍላላችሁ። 115 ብር ከከፈላችሁበት ዕቃ ውስጥ 15ቱ ብር የመንግሥት ነው። ደሞዝተኛ ከሆናችሁ ደግሞ ብሩ እጃችሁ ሳይገባ ይቆረጣል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የደሞዝ ግብር መሠረት 10,000 ብር የሚያገኝ ሰው በወር 1,650 ብር ይቆረጥበታል። በዓመት 19,800 ብር ማለት ነው።

ስለዚህ "ብሩ የት ገባ?" የሚለው ጥያቄ የፖለቲከኛ ብቻ ሳይሆን ወሰን ግሮሰሪ ጋ ታክሲ የሚጠብቅ ተማሪም ጥያቄ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሕዝብ ገንዘብ ብክነት ምን እንደሆነ፣ በከተማችን የታየ አንድ ትልቅ ምሳሌ፣ ብክነት የሚደበቅባቸውን የቢሮ ቃላት እና በሕግ ያላችሁን የመጠየቅ መብት በቅደም ተከተል እናያለን። ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጋችሁ በየክፍሉ ማንበብ ትችላላችሁ።

ብክነት ከሙስና በምን ይለያል?

ሙስና ማለት አንድ ሰው ሥልጣኑን ተጠቅሞ ለራሱ ወይም ለወዳጁ ሲጠቅም ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚባለው እሱ ነው። ወንጀል ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ያስቀጣል።

ብክነት ግን ሁልጊዜ ሌባ የለውም። ማንም ሰው አንድ ብር ኪሱ ሳይከት የሕዝብ ሚሊዮኖች ሊጠፉ ይችላሉ። ለምሳሌ፦

- ተሠርቶ አገልግሎት የማይሰጥ ነገር፦ ሕንጻው አለ፣ ግን ቁልፍ ነው። ማሽኑ ተገዝቷል፣ ግን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ የለም።
- ሁለት ጊዜ የሚሠራ ሥራ፦ አስፋልቱ ከተነጠፈ በኋላ ለውሃ ቧንቧ ተብሎ እንደገና ይቆፈራል።
- ከሚገባው በላይ የተከፈለበት ነገር፦ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኝ ዕቃ በውድ ይገዛል።
- ጊዜው ያለፈበት ሥራ፦ በሁለት ዓመት ያልቃል የተባለው አምስት ዓመት ይፈጃል፤ በመሃል ሲሚንቶ ይወደዳል፣ ዶላር ይጨምራል፣ ልዩነቱን ሕዝብ ይከፍላል።

በዜና ብዙ የምንሰማው ስለ ሙስና ነው፤ የተያዘ ሰው፣ የተቆጠረ ብር አለበትና። ብክነት ግን ድምፅ የለውም። ሪባን ተቆርጦ ከተጨበጨበ በኋላ ማንም ተመልሶ ስለማይጠይቅ ተረስቶ ይቀራል።

የከተማው ብር ስንት ነው? ማን ያጸድቀዋል?

አዲስ አበባ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት ራሷን በራሷ ታስተዳድራለች። የከተማዋ ቻርተር (አዋጅ ቁጥር 361/1995) ደግሞ ዝርዝሩን ያስቀምጣል። በጀቱን የሚያጸድቀው 138 መቀመጫ ያለው የከተማው ምክር ቤት ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል።

ምክር ቤቱ ለ2016 በጀት ዓመት 140.29 ቢሊዮን ብር፣ ለ2017 ደግሞ 230.39 ቢሊዮን ብር አጸደቀ። ለ2018 ወደ 350 ቢሊዮን ብር ደረሰ።

የ2018ቱን በ4 ሚሊዮን ነዋሪ ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሕጻናትንም ጨምሮ፣ 87,500 ብር ገደማ ይደርሳል። ቤታችሁ ውስጥ አምስት ሰው ካለ ከተማው በስማችሁ በዓመት ከ430 ሺህ ብር በላይ ያወጣል እንደማለት ነው።

እዚህ ጋ ግን ፍትሐዊ እንሁን። በጀቱ በብር ሲቆጠር ከእጥፍ በላይ አድጓል ማለት በእውነትም እንደዚያ አድጓል ማለት አይደለም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር አቅም ወርዷል፤ ዕቃ ሁሉ ተወዷል። ቢሆንም ይሄ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር የተጠያቂነቱም ነገር አብሮ መጨመር አለበት።

አብዛኛው የከተማዋ በጀት የሚሸፈነው ከራሷ ገቢ፣ ማለትም እዚሁ ከሚሰበሰብ ግብርና የአገልግሎት ክፍያ ነው። እንግዲህ የሚባክነው ከሩቅ የመጣ ገንዘብ አይደለም።

ትልቁ ምሳሌ፦ ሰንዳፋ

ከመገናኛ ተነስታችሁ በላምበረት፣ በኮተቤ፣ በወሰንና በካራ በኩል ስትወጡ ለገጣፎን አልፋችሁ ሰንዳፋ ትደርሳላችሁ። የደሴ መንገድ ነው። በዚህ አቅጣጫ አዲስ አበባ በታሪኳ ካሠራቻቸው ትልልቅ የቆሻሻ ፕሮጀክቶች አንዱ ይገኛል፤ የሰንዳፋ ዘመናዊ የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ ያለው ቆሼ (ረጲ) ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረ ቦታ ነው። ሞልቶ ነበር፤ ዙሪያውም ሰው ሰፍሮበታል። ስለዚህ ቆሼን ዘግቶ በዘመናዊ መንገድ የተሠራ አዲስ ቦታ መክፈት ያስፈልግ ነበር። ለዚህም የፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ ገንዘብ አቀረበ። በወቅቱ የመገናኛ ብዙኃን የጠቀሱት መጠን ቆሼን ለመዝጋትና ሰንዳፋን ለመሥራት 34.6 ሚሊዮን ዩሮ ነው።

ሰንዳፋ በ2008 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ክረምት ቆመ። ዓመት እንኳን አልሞላውም።

ምን ሆነ? ሦስት ነገር እናንሳ።

አንደኛ፣ ቦታው ከአዲስ አበባ ወሰን ውጭ፣ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ፣ የአርሶ አደሮች መሬት ላይ ነው። ገበሬዎቹ የተከፈላቸው ካሳ እንደማይበቃ፣ ሽታው እንዳስቸገራቸው፣ ውሃቸውና ከብቶቻቸው እንደተጎዱ እየገለጹ ተቃወሙ። ከተማው ቆሻሻውን ወሰን ተሻግሮ ሲወስድ እዚያ ያለውን ሰው በደንብ አላሳመነም።

ሁለተኛ፣ ጊዜው። 2008 ማለት የአዲስ አበባና አካባቢዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በኦሮሚያ ትልቅ ተቃውሞ ያስነሳበት፣ መንግሥትም ጥር ላይ ዕቅዱን የሰረዘበት ዓመት ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በመኪና ተጭኖ ወደ ኦሮሚያ ገበሬ ማሳ መሄድ የጀመረው ልክ በዚህ ሰዓት ነበር።

ሦስተኛ፣ ሥራው ሳይሟላ ተጀመረ። በዕቅዱ መሠረት ቆሻሻው መጀመሪያ ከተማ ውስጥ ባሉ ማስተላለፊያ ጣቢያዎች ተለይቶና ተጨምቆ ነበር መሄድ ያለበት። ጣቢያዎቹ ሳይደርሱ ግን ያልተለየ ቆሻሻ መጫን ተጀመረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሰንዳፋ ሲቆም ቆሻሻው የሚሄድበት ጠፋ። የዚያን ክረምት በየሰፈሩ ገንዳው ሞልቶ መንገድ ላይ የፈሰሰውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል። መፍትሔ የተባለው ወደ ቆሼ መመለስ ነበር።

ከዚያ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተናደ። ከሥሩ የነበሩ ቤቶች ተቀበሩ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

የመናዱ ምክንያት አንድ ብቻ ነው አንልም። ቆሼ ለአሥርት ዓመታት አደገኛ ሆኖ የኖረ ቦታ ነው። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ከተማው ቆሼን ሊተካ የሚችል ቦታ በብዙ ሚሊዮን ዩሮ አሠርቶ ነበር፣ ቦታው ግን ዝግ ነበር፣ ቆሻሻውም መዘጋት በነበረበት ክምር ላይ እንደገና እየተደፋ ነበር። ብክነት የብር ጉዳይ ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። ያልሠራ ፕሮጀክት ሰው ሊያስከፍል ይችላል።

"ገንዘቡ የፈረንሳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?" የሚል ይኖራል። ብድር ሲሆን ከነወለዱ የሚመልሰው ግብር ከፋዩ ነው። ድጋፍ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ሊሠራበት ይችል የነበረ ዕድል ነው የጠፋው። ከዚያ በላይ የከተማው የራሱ ወጪ አለ፤ ካሳ፣ ተሽከርካሪ፣ ነዳጅ፣ የሠራተኛ ደሞዝ። ይሄ ሁሉ ከእኛው ኪስ የወጣ ነው።

ሌሎች ሁለት ምሳሌዎች፣ ባጭሩ

የኮንዶሚኒየም ዕጣው፦ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተማው ለ25,491 ቤቶች ዕጣ አወጣ። ሰው ደስ ብሎት ለዘመድ ወዳጁ ደወለ። ከቀናት በኋላ ግን ከተማው ራሱ ወደ ዕጣው በገባው መረጃ ላይ ማጭበርበር መፈጸሙን ገልጾ ዕጣውን ሰረዘው። የሚመለከታቸው የሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሰሩ፤ ዕጣው በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። አንዱ ሥራ ሁለት ጊዜ ተከፈለበት ማለት ነው። ስንት ዓመት ቆጥቦ "ደረሰኝ" ብሎ ያደረው ሰው ስሜት ደግሞ በሂሳብ አይገባም።

ባለቤት አልባ ሕንጻዎች፦ በ2013 ዓ.ም. የከተማ አስተዳደሩ ባስጠናው ጥናት ከ21 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች በሕገ ወጥ መንገድ መያዛቸውን፣ 322 ሕንጻዎች ደግሞ ባለቤታቸው እንደማይታወቅ በወቅቱ ምክትል ከንቲባ የነበሩት አዳነች አቤቤ ይፋ አድርገው ነበር። በነገራችን ላይ ይሄን የደረሰበት መንግሥት ራሱ መሆኑ ጥሩ ነው። ጥያቄው ግን፣ አንድ ሕንጻ ያለ ባለቤት ሲቆም በየዓመቱ ንብረት የሚቆጥረው ክፍል የት ነበር?

ሦስቱም ምሳሌዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ችግሩ የተፈጠረው ከመጨረሻው ቀን በፊት፣ ጥናት፣ ምክክርና ፍተሻ ላይ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው ነው።

ብክነት የሚደበቅባቸው የቢሮ ቃላት

የኦዲት ሪፖርት ወይም የበጀት ዜና ስታነቡ እነዚህ ቃላት ሲመጡ ቆም በሉ።

ያልተወራረደ ሂሳብ፦ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ግን ምን ላይ እንደዋለ የሚያሳይ ደረሰኝ አልቀረበም። ብሩ ጠፋ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ግን ማንም ማረጋገጥ አይችልም።

ቀጥታ ግዥ፦ ያለ ውድድር ከአንድ አቅራቢ መግዛት። ሕጉ በተወሰነ ሁኔታ፣ ለምሳሌ በአስቸኳይ ጊዜ፣ ይፈቅደዋል። ችግሩ ሁሉም ነገር "አስቸኳይ" ሲሆን ነው።

ውስን ጨረታ፦ የተጋበዙ ጥቂት ድርጅቶች ብቻ የሚወዳደሩበት። ማን ጋበዛቸው? በምን መስፈርት? ብላችሁ ጠይቁ።

የዋጋ ማስተካከያ፦ ውል ከተፈረመ በኋላ የሚጨመር ክፍያ። የዕቃ ዋጋ ሲንር ተገቢ ሊሆን ይችላል። ግን የጨመረው ሥራው ስለዘገየ ከሆነ፣ ያዘገየው ማን ነው?

ተጨማሪ በጀት፦ በዓመቱ መሃል የሚጸድቅ ገንዘብ። ሐምሌ ላይ ስለጸደቀው ሁሉም ያወራል፤ ስለ ተጨማሪው ብዙ ሰው አይሰማም።

የሰኔ ሩጫ፦ ይሄ የቢሮ ቃል ሳይሆን የእኛ ነው። ሰኔ 30 ሳይደርስ ያልወጣ ብር ወደ ካዝና ይመለሳል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ስልጠናው ይበዛል፣ አበሉ ይበዛል፣ ወንበርና ጠረጴዛ ይገዛል። ዓመቱን ሙሉ "በጀት የለም" ያለ ቢሮ ሰኔ ላይ ቀለም ሲቀባ ካያችሁት ምክንያቱ ምናልባት ይሄ ነው።

ማን ነው የሚቆጣጠረው?

የከተማው ምክር ቤት፦ በጀት ያጸድቃል፣ የቢሮዎችን ሪፖርት ይሰማል። የእናንተ ተወካይ እዚያ አለ።

የከተማው ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት፦ ሂሳቡ ትክክል መሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ በ"ክዋኔ ኦዲት" ወጪው ውጤት ማምጣቱንም ይመረምራል። ለብክነት ዋናው መሣሪያ ይሄ ነው። ሪፖርቱ የሚቀርበው ለምክር ቤቱ ነው።

የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን፦ ነገሩ ስርቆት ወይም ጉቦ ከመሰለ ጥቆማ የሚሰጠው እዚህ ነው። ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 699/2003 ነው።

የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፦ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ የፌዴራል ተቋም ነው። የአስተዳደር በደል ሲደርስባችሁ፣ እንዲሁም መረጃ ስትከለከሉ አቤት የምትሉበት።

መረጃ እንዴት ይጠየቃል?

ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት። አንቀጽ 29 መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣል። ዝርዝሩ ያለው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ጋዜጠኛ መሆን አይጠበቅባችሁም።

1. መጀመሪያ የማን ፕሮጀክት እንደሆነ ለዩ። የካ ውስጥ የሚቆፈር ነገር ሁሉ የየካ ክፍለ ከተማ አይደለም። የፌዴራል፣ የከተማ ቢሮ፣ የክፍለ ከተማ ወይም የወረዳ ሊሆን ይችላል። የሥራው ቦታ ላይ የሚተከለው ሰሌዳ "ባለቤት፣ አማካሪ፣ ሥራ ተቋራጭ" ብሎ ይጽፋል። ፎቶ አንሱት፤ ቀኑንም ያዙ። ሰሌዳ ከሌለ እሱ ራሱ አንድ ጥያቄ ነው።

2. ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጉት። ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ይሰጣል። እንዲህ ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፦

"ጉዳዩ፦ መረጃ ስለመጠየቅ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት፣ በ______ አካባቢ እየተሠራ ስላለው ______ የሚከተለው መረጃ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። 1ኛ. ጠቅላላ የውል ዋጋ፣ 2ኛ. የግዥው ዓይነት፣ 3ኛ. ውል የተፈረመበትና ሥራው የሚጠናቀቅበት ቀን፣ 4ኛ. እስካሁን የተፈጸመ ክፍያ።"

3. ኮፒው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቁጥር አስደርጉ። ያለዚያ "አልደረሰንም" ቢሏችሁ መልስ የላችሁም።

4. ሠላሳ ቀን ቁጠሩ። በሕጉ መሠረት መልስ መስጠት ያለባቸው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ከከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

5. ዝም ካሉ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በሉ።

ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን ያልቃል አንልም። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" መባል ይኖራል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትሄዱ ይሻላል። የወረዳችሁን የማስታወቂያ ሰሌዳም እዩ፤ የወረዳ በጀት ለሕዝብ እንዲለጠፍ የሚደረግበት አሠራር በሀገራችን ከተጀመረ ቆይቷል።

በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?

ጎረቤት አካባቢ ያለ አንድ የታወቀ ምሳሌ እንንገራችሁ። ኡጋንዳ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ማዕከላዊ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ይልክ ነበር። ጥናት ሲደረግ ትምህርት ቤቶቹ የደረሳቸው በአማካይ ከ100 ብር 13 ብር እንደማለት ነው፤ ሌላው መንገድ ላይ፣ በአካባቢ አስተዳደር እጅ ቀርቷል። ከዚያ መንግሥት ለየአካባቢው የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በራቸው ላይ እንዲለጥፉ ተደረገ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ እንደገና ሲጠና የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ጋዜጣው ብቻውን ሁሉንም ነገር ለወጠ ማለት አይደለም፤ ሌሎች የቁጥጥር ሥራዎችም ነበሩ። ግን ወላጁ የተላከውን ቁጥር ማወቁ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ያኔ የነበረው ጋዜጣ ነው። ዛሬ እያንዳንዳችሁ ኪስ ውስጥ ካሜራ ያለው ስልክ አለ።

መጠየቅ መቃወም ነው?

አይደለም። የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ጀምሮ ብዙ ሰፈር ቀይሯል። የእግረኛ መንገዱን የወደደው ሰው አለ፤ ቤቱ ፈርሶ ከሰፈሩ የተነሳ ሰውም አለ። ሁለቱም ግብር ከፋይ ናቸው። ሁለቱም "ስንት ወጣበት? በጨረታ ነው? ቀድሞ የነበረውን ለማፍረስስ ስንት ሄደ?" ብለው የመጠየቅ መብት አላቸው። ሥራው ጥሩ ከሆነ መልሱ ያስመሰግነዋል እንጂ አይጎዳውም።

ሰንዳፋ ከመከፈቱ በፊት "ገበሬዎቹ ተስማምተዋል ወይ? ማስተላለፊያ ጣቢያዎቹ ደርሰዋል ወይ?" ተብሎ ቢጠየቅና መልሱ እስኪሟላ ቢጠበቅ ኖሮ ወጪው ጥቂት ወራት መዘግየት ብቻ ይሆን ነበር።

በሰፈራችሁ ተጀምሮ የቆመ፣ ተሠርቶ የተዘጋ ወይም ሁለት ጊዜ የተቆፈረ ነገር ካለ የሰሌዳውን ፎቶ፣ ቦታውንና ቀኑን በውስጥ መስመር ላኩልን። ስማችሁን አናወጣም። የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቀን መልሱን፣ መልስ ካልሰጡም አለመስጠታቸውን፣ እዚሁ እናሳውቃችኋለን።